ሰብር ማለት በደልን መሸከም አይደለም

 

ከዓመታት በፊት ነው። ተራዊሕ ሰግደን ጀማዓው ሲበተን አንዲት እህት በመስጂዱ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችኝ። «ሸኻችን፣ ኢፍጣር ዘገየ ብሎ መታኝ» አለችና ሻርፗን ገለጥ አደረገች። አንዱ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። እኔም አፌ የለመደውን ተናገርኩ። «ልጄ፣ ወሩ የሰብር ወር ነው። ቤትሽ ግቢ፤ እሱን እኔ እመክረዋለሁ» ብዬ ሸኘኋት። ሳምንት ሳይሞላ ክንዷ ተሰብሮ ሆስፒታል መተኛቷን ሰማሁ። ባልየውን ገና አላነጋገርኩትም ነበር። ከሆስፒታል ስትወጣም ወደ እኔ አልመጣችም፤ እውነቷን ነው።

ይህን የምጽፈው የእኔን ስህተት ሌላ ኢማም፣ ሌላ አባት፣ ሌላ ጎረቤት እንዳይደግመው ነው።

ሐቢባ የሄደችበት በር

ሰብር ትልቅ ዒባዳ ነው። በበሽታ፣ በማጣት፣ በሐዘን ጊዜ እንታገሳለን። ዙልም ግን እንዲቆም ይደረጋል እንጂ ተበዳይዋ እንድትለምደው አትመከርም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዳይንም ተበዳይንም እንድንረዳ አዘዋል፤ በዳይ የሚረዳው ከበደሉ ሲከለከል መሆኑንም አስተምረዋል።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሐቢባ ቢንት ሰህልን ባለቤቷ ሳቢት ኢብኑ ቀይስ መትቶ አካሏን ሰበራት። ከሱብሒ በኋላ ወደ ነቢዩ ሄዳ ከሰሰችው። እሳቸውም ታገሺ ብለው አልመለሷትም። ባልየውን አስጠርተው፣ በመህር የሰጣትን መልሶ ወስዶ እንዲለያት አዘዙ። ሳቢት የታወቀ ሶሐባ፣ የአንሷሮች ኸጢብ ነበር። የእሱ ክብር የእሷን አቤቱታ ከመስማት አላገዳቸውም።

ከሱረቱ ኒሳእ 34ኛዋን አንቀጽ ነጥለው የሚያነሱ ወንድሞች አሉ። ዑለማዎች ግን ፊት መምታትንና ጉዳት ማድረስን ከልክለዋል። ታላቁ ታቢዒይ ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ደግሞ ባል ሚስቱን አይመታም ብለዋል። አንቀጹ የወረደላቸው ነቢይ ራሳቸው ሴትን በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች። ከጎህ እስከ መግሪብ አፉን ከምግብ የከለከለ ሰው እጁን ከሚስቱ መከልከል ካቃተው፣ ስለ ጾሙ ራሱን ይጠይቅ።

የት ትሂድ?

ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ በ991 ፖሊስ ይጠራል። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ሕክምና ታግኝ፤ የሐኪም ማስረጃው ነገ በፍርድ ቤት ይመሰክርላታል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በተለይ የፆታ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሐኪሙን፣ አማካሪውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ።

ሚስትን መምታት «የቤት ጉዳይ» አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ አካል ወይም አእምሮ ላይ ጉዳት ማድረስን በወንጀል ያስቀጣል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን ኒካህን፣ ፍቺን፣ ቀለብንና የልጆችን ጉዳይ የሚያዩት ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሲቀርቡ ነው፤ አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ድብደባው ግን የፖሊስና የመደበኛው ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ቃዲ ዘንድ መሄድ ፖሊስ ዘንድ ከመሄድ አያግድም።

ማደሪያ ላጣች፣ የቀድሞዋ ዳኛ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መጠለያዎች አሉት። ሴቶች ከነልጆቻቸው ይጠለላሉ፤ ሕክምና፣ የምክርና የሕግ ድጋፍ፣ የሙያ ሥልጠናም ያገኛሉ። ለደህንነታቸው ሲባል ቦታው ለማንም አይነገርም። ወደዚያ ለመድረስ ፖሊስን ወይም የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይቻላል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላትም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርን ነፃ ምክር ትጠይቅ።

ከእኛ የሚጠበቀው

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ተደብድባ ስትመጣ «ሰው ምን ይላል» ብላችሁ አትመልሷት። ጎረቤት ሆይ፣ ጩኸት ስትሰማ በር አንኳኳ። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ቁርኣን ከሁለቱም ወገን አስታራቂ እንዲላክ ያዘዘው ለማስተካከል ነው፤ መጀመሪያ የሴቲቱና የልጆቿ ደህንነት ይረጋገጥ። ዘካ የምታወጡም አስቡ፤ ልጆቿን ይዛ ባዶ እጇን ከቤት የወጣች እናት ከሚስኪኖቹ አንዷ ናት።

እኔም ከዚያ ወዲህ ሥራዬን አስተካክያለሁ። ሴቶች ለወንድ ለመናገር የሚያፍሩትን የሚሰሙልን ኡስታዛ በመስጂዳችን አሉ። አንዲት እህት ስትመጣም የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ልጄ፣ ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?» የሚል ነው። ለዚያ መልስ ሳላገኝ ስለ ሰብር አላወራም።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ቤቶቻችንን የመዋደድና የርኅራኄ ቤት ያድርግልን። አሚን።