የፈጠራ ሥራን ስለ መሰነድና ለሌሎች ስለ ማካፈል ማወቅ የሚገባዎት

በብየዳ ቤቶች፣ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራዎች፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወርክሾፖችና በመኖሪያ ቤት ጓሮ የሚሠሩ የፈጠራ ውጤቶች በርካታ ናቸው። የበቆሎ መፈልፈያ፣ የእጅ ውኃ መሳቢያ፣ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሣጥን፣ የአፈርን እርጥበት እየለካ ውኃ የሚከፍት የመስኖ መቆጣጠሪያ ለአብነት ይጠቀሳሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ተሠርተው፣ በዐውደ ርእይ ታይተው በዚያው ይቀራሉ። ምክንያቱ ሁልጊዜ የገንዘብ እጥረት አይደለም። ልኬቱ፣ የዕቃው ዓይነትና የአሠራሩ ቅደም ተከተል በጽሑፍ ስላልሰፈረ ሠሪው ሥራ ሲቀይር ወይም ከአካባቢው ሲለቅ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው የፈጠራ ሥራቸውን በአግባቡ ለመሰነድና በኢንተርኔት አማካይነት ለሌሎች ባለሙያዎች ለማካፈል ለሚፈልጉ ዜጎች ነው። በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው መሰነድና ይፋ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ተግባራት መሆናቸው ነው። ሰነድ ማዘጋጀት ሥራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ሊከናወን ይገባል። ይፋ ማድረግ ግን በሕግ የተሰጡ መብቶችን ሊያሳጣ የሚችል ውሳኔ በመሆኑ ታስቦበት የሚፈጸም ነው።

የሰነድ ጥቅም በተግባር

በአገራችን በስፋት የሚታወቀው ምርጥ ምድጃ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1980ዎቹ የተቀረጸው ይህ የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ከሲሚንቶና እንደ ፑሚስ ካሉ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች የሚሠራ ሲሆን፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድ እሳት ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ምድጃው በተለያዩ ክልሎች በሚገኙ አነስተኛ አምራቾች ሊመረት የቻለው ክፍሎቹ በተወሰነ ልክ በተዘጋጀ ቅርጽ ማውጫ ወይም ፎርማ ስለሚወጡ ነው። ፎርማው ራሱ ሰነድ ነው ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ሠሪ ያወቀውን ልክ ሠሪውን አይቶት ለማያውቅ ሰው ያስተላልፋል። ግድግዳውን በግምት የሚያወጣ አምራች ግን ምድጃ የሚመስል ነገር ቢሠራም የማገዶ ቁጠባው ሊጠፋበት ይችላል።

በኢንተርኔት ከተካፈሉ ሥራዎች ደግሞ የሰው ሠራሽ እጅ ታሪክ ይጠቀሳል። ሪቻርድ ቫን አስ የተባሉ ደቡብ አፍሪካዊ አናጺ እ.ኤ.አ. በ2011 በመጋዝ አደጋ ጣቶቻቸውን አጡ። ለራሳቸው መፍትሔ ሲያፈላልጉ አይቫን ኦወን የተባሉ አሜሪካዊ ለትርኢት ልብስ የሠሩትን ትልቅ ሜካኒካዊ እጅ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኙ። ሁለቱ ባለሙያዎች በሁለት አህጉራት ሆነው እየተጻጻፉ አብረው ሠሩ፤ ያለ ጣቶች ለተወለደ ሕፃንም እጅ አዘጋጁ። ኦወን ለትንሽ እጅ የሚሆን አሠራር ሲፈልጉ ያገኙት ፍንጭ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውስትራሊያ አንድ የጥርስ ሐኪም ለአንድ ወታደር ከዓሣ ነባሪ አጥንት፣ ከገመድና ከፑሊ የሠሩት እጅ መግለጫ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ መግለጫ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ንድፉ ማንም ሰው በስሪዲ ፕሪንተር አትሞ እንዲገጣጥመው በነፃ ይፋ ሆነ። በዚሁ ዓመት ኢኔብል በሚል ስም የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞችም ንድፉን እያሻሻሉ በተለያዩ አገሮች ለሚገኙ ሰዎች እጅ መሥራት ጀመሩ።

ምን ምን መመዝገብ አለበት?

የጥሩ ሰነድ መመዘኛ አንድ ነው፤ ሠሪውን የማያውቅ፣ ደውሎም ሊጠይቀው የማይችል፣ ነገር ግን መሠረታዊ ሙያ ያለው ሰው ሰነዱን ብቻ ይዞ ያንኑ ዕቃ መሥራት ይችላል ወይ? የሚለው ጥያቄ ነው።

የበቆሎ መፈልፈያን እንውሰድ። «ከበሮው በወንፊቱ ውስጥ በሞተር ኃይል እየዞረ ይፈለፍላል» የሚል መግለጫ ስለ ማሽኑ ያስረዳል እንጂ ማሽኑን አያሠራም። ሌላው ባለሙያ የሚያስፈልገው የከበሮው ዲያሜትርና ርዝመት፣ የተበየዱት ጥርሶች ብዛትና ከፍታ፣ በከበሮውና በወንፊቱ መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር፣ የወንፊቱ ቀዳዳ ስፋት፣ የሞተሩ ጉልበትና የዙሩ ፍጥነት ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ፍሬው ይሰበራል፤ ሲሰፋ ፍሬው ከቆረቆንዳው ሳይላቀቅ ያልፋል። ስለሆነም ሰነዱ የመጨረሻውን ልክ ብቻ ሳይሆን የተሞከሩትንና ያልሠሩትን ልኮችም ከነውጤታቸው ቢይዝ ይመረጣል። ብዙ ባለሙያዎች ያልተሳካውን ሙከራ ከሰነዱ ያስወጣሉ፤ ለሌላው ሠሪ ብረትና ጊዜ የሚቆጥብለት ግን በአብዛኛው ይኸው ክፍል ነው።

የፑሊዎቹም ልክ መዝለል የለበትም። በደቂቃ 1,400 ጊዜ በሚዞር ሞተር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ፑሊ፣ በከበሮው ዘንግ ላይ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ፑሊ ቢገጠም፣ የቺንጋው መንሸራተት ሳይታሰብ ከበሮው በደቂቃ 700 ጊዜ ይዞራል። ሌላው ሠሪ ያገኘው ሞተር ፍጥነቱ የተለየ ቢሆን እንኳ ይህን ካወቀ ፑሊውን ቀይሮ ተመሳሳይ ዙር ማግኘት ይችላል። «በገበያ የሚገኝ መካከለኛ ሞተር» ተብሎ ከተጻፈ ግን የሚይዘው ነገር የለም። የብረታ ብረትንም መጠሪያ በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ወፍራም ላሜራ» በአንድ ከተማ 2 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው 3 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል ውፍረቱን በካሊፐር ለክተው ይጻፉ።

ፎቶግራፍ ሲያነሡ ከዕቃው አጠገብ ማስመሪያ ያስቀምጡ። ይልቁንም ከተበየደ ወይም ከተከደነ በኋላ የማይታየውን ክፍል አስቀድመው ያንሡ። ሥራው ኤሌክትሮኒክስ ካለበት የሰርኪዩት ንድፉን፣ የእያንዳንዱን ክፍል ሙሉ መለያ ቁጥር፣ የሚሠራበትን ቮልቴጅ እንዲሁም ኮዱን ይያዙ። በ3.3 ቮልት የሚሠራ ሴንሰር በ5 ቮልት ላይ ቢገጠም ሊቃጠል ስለሚችል ይህ ዝርዝር እንደ ትንሽ ነገር አይታይም።

ቀንን በተመለከተ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር መጻፍ ይመከራል። ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የተደረገ ሙከራ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2024 ነው። ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተጽፎ ለውጭ አገር አንባቢ ቢደርስ ሥራው በሰባት ዓመት የቀደመ ሊመስለው ይችላል። ይህም ከታች በሚገለጸው የመብት ጥያቄ ላይ ውዥንብር ያስከትላል። መዝገቡ ገጹ በተቆጠረ ደብተር ላይ ቢሆንም ችግር የለውም። ኢንተርኔት በማይደርስበት ቦታ የሚሠራ ሰው በደብተር ጽፎ፣ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ቅጂውን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይችላል።

በመጨረሻም ማሽኑ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት በግልጽ ይጻፍ። ለሙከራ ተብሎ የቺንጋው መከለያ ተነሥቶ ፎቶ የተነሣ ማሽን፣ በሌላ ወርክሾፕ መከለያ የሌለው ማሽን ሆኖ ይሠራል።

ይፋ ከማድረግዎ በፊት

አንዳንድ ባለሙያዎች ሥራቸውን በኢንተርኔት ላይ ማውጣት በስማቸው እንደ ማስመዝገብ የሚቆጠር ይመስላቸዋል። ይህ ትክክል አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጻፉት ማብራሪያ፣ የሣሉት ንድፍና ያዘጋጁት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ምዝገባ ሳያስፈልግ ጥበቃ ያገኛሉ። ሆኖም ጥበቃው የሚሸፍነው አገላለጹን እንጂ ሐሳቡን ወይም አሠራሩን አይደለም። ሌላ ሰው ጽሑፍዎን ቀድቶ በስሙ ቢያወጣ መጠየቅ ይችላሉ፤ ጽሑፉን አንብቦ ማሽኑን ሠርቶ ቢሸጥ ግን በቅጂ መብት ብቻ ሊከለክሉት አይችሉም።

ለአሠራሩ ጥበቃ የሚሰጠው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። በዚህ አዋጅ ፓተንት ለማግኘት ፈጠራው አዲስ መሆን፣ ፈጠራዊ ብቃት ያለው መሆንና በኢንዱስትሪ ተግባራዊ ሊሆን የሚችል መሆን ይኖርበታል። አዲስነቱም የሚመዘነው በዓለም ላይ በማናቸውም ቦታ ቀድሞ ለሕዝብ ከተገለጸው ዕውቀት አንጻር ነው። በራስዎ እጅ በኢንተርኔት ያወጡት መግለጫም ከዚሁ ይቆጠራል። አዋጁ አመልካቹ ራሱ ይፋ ካደረገ የ12 ወራት ጊዜ ይሰጠዋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካመለከተ የራሱ መግለጫ አዲስነቱን አያሳጣበትም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ፈጠራው የሁሉም ሆኖ ይቀራል። በሌሎች አገሮችም ጥበቃ ለማግኘት የሚያስብ ሰው በ12 ወራቱ ላይ መተማመን የለበትም። ለምሳሌ በአውሮፓ የፓተንት ሥርዓት በአመልካቹ ፈቃድ በኢንተርኔት የወጣ መግለጫ ከማመልከቻው አንድ ቀን ቢቀድም እንኳ አዲስነትን ያሳጣል።

የወርክሾፕ ሥራዎችን በተመለከተ ይበልጥ የሚስማማው ብዙ ጊዜ የአነስተኛ ፈጠራ የምስክር ወረቀት ነው። የታወቀን መሣሪያ በቅርጹ ወይም በአወቃቀሩ አሻሽሎ የተሻለ ጥቅም እንዲሰጥ ማድረግ በዚህ ሥር ሊታይ ይችላል። አዲስነቱ የሚመዘነው በኢትዮጵያ ውስጥ ከሚታወቀው አንጻር ሲሆን፣ ጥበቃው ለ5 ዓመት ተሰጥቶ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ፓተንት በበኩሉ ለ15 ዓመት የሚጸና ሆኖ፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ማመልከቻ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በሥርዓት የተያዘው የሥራ ደብተር ለማመልከቻው የሚያስፈልገውን ዝርዝር መግለጫና ሥዕል ለማዘጋጀት በቀጥታ ያገለግላል።

ይህ ሲባል ሁሉም ሰው ያመልክት ማለት አይደለም። የሰው ሠራሽ እጁ ባለቤቶች ጥበቃ ሳይጠይቁ ንድፉን ለሁሉም መተዋቸው ሥራው በፍጥነት እንዲስፋፋ አድርጓል። ለንግድ የማይታሰብ፣ ለትምህርት ቤቶች ወይም ለአካል ጉዳተኞች የሚጠቅም ሥራ ሲሆን ይህ መንገድ የተሻለ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበው ምርጫው ሳይታወቅ፣ በአንድ ምሽት በተለጠፈ ቪዲዮ ምክንያት መብቱ ሲያልፍ ነው። ሥራው የተሠራው በቅጥር ላይ ሆነው ወይም ከሌሎች ጋር በጋራ ከሆነ ደግሞ ከማናቸውም ውሳኔ በፊት የሥራ ውሉን መመልከትና የባልደረቦችን ስምምነት በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። በፎቶግራፉና በቪዲዮው ላይ የሚታዩ ሰዎች ካሉም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ መሆኑን በማሰብ ፈቃዳቸውን አስቀድመው ይጠይቁ።

የአጠቃቀም ፈቃድ

ለማካፈል ከወሰኑ ሌሎች ምን ማድረግ እንደሚችሉ በግልጽ ይጻፉ። ፈቃድ ሳይጻፍበት የወጣ ንድፍ «ለሁሉም የተፈቀደ» ማለት አይደለም፤ ጠንቃቃ ሰው አይነካውም፣ ግድ የሌለው ግን ይጠቀምበታል። ለጽሑፍና ለሥዕል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች በብዛት ያገለግላሉ። ለማሽንና ለኤሌክትሮኒክስ ንድፍ ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ያዘጋጀው የክፍት ሃርድዌር ፈቃድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሁለተኛው እትሙ በሦስት ዓይነት የቀረበ ሲሆን፣ አንዱ አሻሽሎ መሸጥን ያለ ብዙ ግዴታ ይፈቅዳል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ያሻሻለው ሰው ማሻሻያውን በተመሳሳይ ሁኔታ እንዲያካፍል በተለያየ ደረጃ ያስገድዳሉ። የሌላ ሰው ንድፍ መነሻ አድርገው ከሠሩ የዚያን ሰው ፈቃድ ማክበርና ስሙን መጥቀስ ይኖርብዎታል።

ይፋ ከሆነ በኋላ

ሌላ ባለሙያ ሠርቶ ያገኘውን ስሕተት ወይም ማሻሻያ ሲልክልዎ የቀድሞውን ሰነድ አይሰርዙ። አዲስ የእትም ቁጥርና ቀን ሰጥተው፣ የተለወጠው ምን እንደሆነና በማን ሐሳብ እንደተለወጠ ጽፈው ከቀድሞው ጋር ያስቀምጡት። በቀድሞው እትም ማሽን የሠራ ሰው መለዋወጫ ሲፈልግ ተመልሶ የሚያየው ያንኑ ልክ ነው። ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሲገኝ ግን ማስጠንቀቂያው በቀድሞው እትም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጭምር ወዲያውኑ ሊጻፍ ይገባል።