መሥመር በኮምፒዩተር እንዴት ይሣላል?

ሥዕል በዓይን እንጂ በጆሮ የማይታይ ነገር ስለ ሆነ፣ ስለ ሥዕል በሬዲዮ መናገር ውሃን በወንፊት እንደ መቅዳት ይቈጠር ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ የምናወሳው የሥዕል ዓይነት ከሌላው የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ይኸውም በቃልና በቍጥር ሊነገር የሚችል መሆኑ ነው። እንዲያውም ኮምፒዩተሩ ራሱ ይህን ሥዕል የሚይዘው እንደ ተነገረ ቃል እንጂ እንደ ፈሰሰ ቀለም አይደለም። ስለዚህ አድማጮቻችን ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ ቢያዳምጡ ሊከተሉን ይችላሉ ብለን እናምናለን።

ነገሩን ከአንድ ስፍራ እንጀምር። በካፋ ዞን ከቦንጋ በስተምዕራብ የቢታ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ቢታ ገነት ትገኛለች። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል በዚች ከተማ የሚያስተምር አንድ የሳይንስ መምህር አለ እንበል። ይህ መምህር ለተማሪዎቹ ስለ ቡና ተክል ፈተና ሊያወጣ አስቦ፣ ከደጁ የበቀለውን የቡና ቅርንጫፍ በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣና በጥያቄው ወረቀት ላይ ያኖረዋል። ወረቀቱ ይታተማል፤ ከታተመው ይገለበጣል፤ ከተገለበጠው ደግሞ እንደ ገና ይገለበጣል። ሦስተኛው ክፍል ዘንድ ሲደርስ ቅጠሉ፣ ፍሬውና አበባው ተደባልቀው አንድ ጥቍር እድፍ ሆነዋል። ጥያቄው ግን አልተለወጠም፤ «በሥዕሉ ላይ ቅጠሎቹ በግንዱ ላይ እንዴት ተደርድረዋል?» ይላል።

ልጁ ትምህርቱን ባያጠና ኖሮ ጥፋቱ የእርሱ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከእናቱ ጋር ቡና ሲለቅም ያደገ ልጅ፣ የቡናን ሥዕል ለይቶ ሊያውቅ ባለመቻሉ ነጥብ ሲቀነስበት፣ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የሥዕሉ ነው።

ይህ ስለ ምን ይሆናል? ፎቶግራፍ ከብርሃንና ከጥላ፣ ይልቁንም በሁለቱ መካከል ካሉት ብዙ ዓይነት ግራጫዎች የተሠራ ነው። የመገልበጫው መኪና ደግሞ እነዚህን ግራጫዎች በተገለበጠ ቍጥር እያጠቈራቸው ወይም እያነጣቸው ይሄዳል። የመሥመር ሥዕል ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ጥቍር መሥመርና ነጭ ወረቀት። የሚደበዝዝ ግራጫ የለውም። ከዚህም በላይ ሠዓሊው መምረጥ ይችላል፤ ጥላውን ይተዋል፣ የቅጠሉን ጠርዝ ያስቀራል። የዕፀዋት ሊቃውንት ፎቶግራፍ በሞላበት በዚህ ዘመን እንኳ የመሥመርን ሥዕል ያልተዉት በዚህ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን አገር በሚገኘው በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ተዘጋጅቶ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1989 እስከ 2009 በየጊዜው የታተመው ታላቁ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ብዙ ተክሎችን ለአንባቢው የሚያሳየው በጥቍር መሥመር በተሣለ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ነው።

እንግዲህ መምህራችን ይህን የመሰለ ሥዕል በኮምፒዩተሩ መሣል ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። ለዚህ ግን በቅድሚያ ኮምፒዩተር ሥዕልን የሚይዝባቸውን ሁለት መንገዶች ለይቶ ማወቅ ያስፈልገዋል።

አንደኛው መንገድ በጠጠር ወለል እንደ መሥራት ነው። ሥዕሉ በረድፍ ከተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ይገጣጠማል፤ ለእያንዳንዱም ነጥብ ቀለሙ ይመዘገባል። በወርዱ 1,000፣ በቁመቱም 1,000 ነጥብ ያለው ሥዕል 1,000,000 ነጥብ አለው ማለት ነው። ፎቶግራፍ የሚያዘው በዚህ መንገድ ነው። ጕዳቱ የሚታየው ሲያሳድጉት ነው። በወርዱ 300 ነጥብ ብቻ ያለውን ሥዕል 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ወረቀት ላይ ብንዘረጋው፣ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሚሊ ሜትር ያህላል፤ የቅጠሉም ጠርዝ እንደ ደረጃ ይሰነጣጠቃል።

ሁለተኛው መንገድ ቬክተር የሚባለው ነው። ቬክተር ማለት መጠንና አቅጣጫ ያለው ነገር ማለት ነው። በዚህ መንገድ ኮምፒዩተሩ የሚመዘግበው ነጠብጣቡን ሳይሆን ትእዛዙን ነው፤ «ከዚህ ተነሣ፣ ወደዚያ አቅና፣ እዚያ ላይ ድረስ» ይላል። መሥመሩ የሚነሣባቸውንና የሚደርስባቸውን ስፍራዎች አንጓ እንላቸዋለን። ከእያንዳንዱ አንጓ ግራና ቀኝ የመሥመሩን አካሄድ የሚመሩ ሁለት እጀታዎች ይወጣሉ።

የእጀታውን ምስጢር በምሳሌ እንግለጸው። ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው አለ እንበል። ከደጁ ሲወጣ ፊቱን ወደ ወንዙ አድርጎ ይወጣል፤ ገበያው ሲደርስ ግን በኮረብታው በኩል ይገባል። በመካከሉ መንገዱ መታጠፉ የማይቀር ነው። ከመነሻው አንጓ የወጣው እጀታ አወጣጡን፣ ወደ መድረሻው አንጓ የተዘረጋው እጀታ አገባቡን ይወስናል። እጀታው በረዘመ መጠን መሥመሩ የያዘውን አቅጣጫ ቶሎ አይለቅም፤ ባጠረ መጠን ግን ፈጥኖ ይታጠፋል። ሁለት አንጓዎችና ሁለት እጀታዎች፣ በጠቅላላው አራት ስፍራዎች፣ አንድን ጠማማ መሥመር ያለ ጕድለት ይገልጻሉ።

ይህን ስሌት የፈለጉት መጀመሪያ ሠዓሊዎች አልነበሩም። በፈረንሳይ አገር አውቶሞቢል ሠሪዎች የመኪናን ጠማማ ገላ በትክክል ለመንደፍ ሲቸገሩ፣ ፖል ደ ካስቴልዦ የተባለው ሊቅ በ1959 በሲትሮየን ድርጅት፣ ፒየር ቤዚዬም በሬኖ ድርጅት እየራሳቸው ደረሱበት። ድርጅቱ የደ ካስቴልዦን ሥራ በምስጢር ስለ ያዘው መሥመሩ በቤዚዬ ስም ተጠራ። በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በብርሃን ብዕር በኮምፒዩተር መስተዋት ላይ መሥመር መሣል እንደሚቻል አሳየ። በ1987 ኢለስትሬተር የተባለው የመሣያ ሶፍትዌር ለገበያ ቀረበ። በ2003 ደግሞ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት የሚችለው ኢንክስኬፕ ወጣ። ይህኛው አንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ሳይፈልግ የሚሠራ በመሆኑ፣ መገናኛው አንዳንድ ጊዜ ለሚቋረጥበት ስፍራ የተመቸ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል እንጂ፣ ከነጥብ ተነሥቶ መሥመር ማውጣት በአገራችን የቈየ ጥበብ ነው። ቁም ጸሐፊው በብራናው ላይ ቀለም ከማሳረፉ አስቀድሞ ጠርዙን በወስፌ ይበሳል፤ ከብስ ወደ ብስ መሥመር ያሰምራል፤ ፊደሉንም በመሥመሩ ይመራዋል። በገጹ ራስ ላይ የሚሣለው ሐረግም ተጠላልፎ የሚሄድ የመሥመር ሥራ ነው። በኮምፒዩተር የሚሥለው ሰው ከቁም ጸሐፊው የሚለየው በወስፌው ፈንታ ማውስ በመያዙና የተሳሳተውን ነጥብ ብራናውን ሳይፍቅ ሊያነሣው በመቻሉ ነው።

አሁን ወደ መምህራችን እንመለስ። ሥራውን በሚከተለው ተራ ቢያካሂደው መልካም ይሆናል።

በመጀመሪያ ያነሣውን ፎቶግራፍ፣ ወይም በእርሳስ የነደፈውን ሥዕል፣ በመሣያው ገጽ ላይ ከሥር ያነጥፈዋል፤ ቀለሙንም አሳስቶ እንዳይንቀሳቀስ ይቈልፈዋል። ከላዩ ሌላ ንጣፍ ይዘረጋል። ይህ በሥዕል ላይ ስስ ወረቀት አኑሮ እንደ መቅዳት ነው።

ቀጥሎ የብዕሩን መሣሪያ ይዞ አንጓዎችን ይተክላል። ለአንድ የቡና ቅጠል አራት ይበቃሉ፤ አንዱ ከአገዳው ሥር፣ አንዱ ከቅጠሉ ጫፍ፣ ሁለቱም ግራና ቀኝ ቅጠሉ በሚሰፋበት ላይ። ለእያንዳንዱ አንጓ ስፍራው በሁለት ቍጥር፣ እጀታዎቹ በአራት ቍጥር ይገለጻሉና በጠቅላላው 24 ቍጥሮች ብቻ ይሆናሉ። ቅጠሉን ዐሥር እጥፍ ለማሳደግ ኮምፒዩተሩ እነዚህን ቍጥሮች በዐሥር ያበዛቸውና መሥመሩን እንደ ገና ይሥለዋል። በፈተና ወረቀት ጥግ ላይ የተቀመጠው ቅጠል በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢዘረጋም ጠርዙ የጠራ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንጓ በማብዛት ነው። አንጓ በበዛ ቍጥር መሥመሩ እንደ ፈሪ እጅ ይንቀጠቀጣል። አንጓ የሚተከለው መሥመሩ ጠባዩን በሚለውጥበት ስፍራ ብቻ ነው። ፎቶግራፉን በአንድ ትእዛዝ ወደ መሥመር የሚለውጥ መሣሪያ በሶፍትዌሩ ውስጥ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው ጥላን ከጠርዝ ለይቶ ስለማያውቅ በመቶ የሚቈጠሩ አንጓዎችን ሊበትን ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው፣ በዚህ መንገድ የተቀመጠውን ጊዜ በማረም ይከፍሉታል።

ሦስተኛው የመሥመሩ ውፍረት ነው። ዙሪያውን በግማሽ ሚሊ ሜትር፣ የቅጠሉን ሥሮች በግማሹ ያህል ቢያቀጥናቸው ዓይን የቱ ዋና፣ የቱ ተከታይ እንደ ሆነ ይለያል። ሥዕሉ ሲያንስ መሥመሩም አብሮ እንዲቀጥን ወይም እንዳይቀጥን ማዘዝ ይቻላልና ይህን አስቀድሞ መወሰን ያሻል። እጅግ የቀጠነ መሥመር በመገልበጫው መኪና ይጠፋል።

አራተኛ፣ የቡና ቅጠሎች በአገዳው ላይ ከአንድ አንጓ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የሚወጡ ስለ ሆኑ፣ አንዱን ቅጠል ገልብጦ እንደ መስተዋት ምስል ማዞር ይበቃል። ይሁን እንጂ ተፈጥሮ ፍጹም መንትያ ስለማታበጅ የሁለተኛውን ቅጠል አንድ ሁለት እጀታ ጥቂት ማንቀሳቀስ ሥዕሉን ሕያው ያደርገዋል።

በመጨረሻም የክፍሎቹን ስም ይጽፋል። እዚህ ላይ የቬክተር ሥዕል ሌላ ጥቅም ይታያል። የአማርኛውን ስም በአንድ ንጣፍ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን የካፊኖኖ ስም በሌላ ንጣፍ ቢያኖር፣ አንዱን ሰውሮ ሌላውን በመግለጥ ከአንድ ሥዕል ሁለት የመማሪያ ወረቀት ያገኛል። ሥራውን በሌላ ኮምፒዩተር የሚያሳትም ከሆነ ግን፣ በዚያኛው ላይ የግእዝ ፊደል ካልተጫነ በስሙ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ሊወጡ ስለሚችሉ፣ በሚልከው ቅጂ ላይ ጽሑፉን ወደ መሥመር ይለውጠዋል። ሊታረም የሚችለውን ዋናውን ግን ከራሱ ዘንድ ያስቀራል።

ጽሑፍ ወደ መሥመር ይለወጣል ስንል አድማጭ ሊደነቅ አይገባውም። በስልክና በኮምፒዩተር የምናነበው ፊደል ራሱ በአብዛኛው የቬክተር ሥዕል ነውና። በእርሳስ ፊደል ይታተም በነበረበት ዘመን ለትንሹም ለትልቁም መጠን ለየብቻው ፊደል መቅረጽ ግድ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ሰው የ«ሀ»ን ዙሪያ በአንጓና በእጀታ አንድ ጊዜ ከሣለው፣ ያው ሥዕል ለግርጌ ማስታወሻም ለአደባባይ ሰሌዳም ይሆናል። የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ለየፊደሉ ቍጥር ተሰጥቶት ከገባ ወዲህ፣ በቢታ ገነት የተጻፈው ቃል በሌላ አገርም ያው ቃል ሆኖ ይነበባል።

ይህ ሁሉ ሲባል የቬክተር ሥዕል ለሁሉ ነገር ይበጃል ማለታችን አይደለም። የካፋን ደን ጉም፣ የዛፉን ቅርፊት ሻካራነት፣ የፀሐዩን አገባብ ለማሳየት ፎቶግራፍ ይሻላል። መሥመር የሚበጀው ለይቶ ለማስረዳት ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንናገር ብናልፍ ግን ሥራችን ጐደሎ ይሆናል። መሥመሩ የማይደበዝዝ በመሆኑ በውስጡ ያለው ስሕተትም አይደበዝዝም። የቡና አበባ እንደ ልማዱ አምስት ቅጠል ሲኖረው አራት አድርጎ የሣለ ሰው፣ ያን ስሕተት በሺህ ወረቀት ላይ አጥርቶ ያትመዋል። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1753 የቡናችንን ተክል በዐረብ አገር ስም «አራቢካ» ብሎ ሰየመው፤ ወደ አውሮፓ የደረሰው በዚያ በኩል ነበርና። የተክሉ የትውልድ ስፍራ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ስሙ እስከ ዛሬ ድረስ አልተለወጠም።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረታችን ለሠዓሊም የተነገረ ነው። ስለዚህ መምህራችን ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት ወደ ደጁ ይውጣ፤ ቅርንጫፉን በእጁ ይያዝ፤ አንጓውን ይቍጠር፤ ቅጠሉ የሚሰፋበትን ስፍራ ይመልከት። ተማሪዎቹንም ይዟቸው ቢወጣና ቢያስቈጥራቸው የተሻለ ነው። ያን ጊዜ በፈተናው ወረቀት ላይ የሚያዩት ሥዕል የሚያውቁት ቡና ይሆናል፤ የሚመልሱትም መልስ የሚያውቁት ያህል ይሆናል።