አጥርቶ የመጠየቅ ጥበብ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። አባባሉ ሕመሙን ፈጽሞ ለሸሸገ ሰው ብቻ ሳይሆን በግማሹ ለተናገረም ይሠራል። ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ የሚል በሽተኛ፣ ሕመሙ የት እንደሆነና መቼ እንደጀመረ እስኪናገር ድረስ ተገቢውን ሕክምና ሊያገኝ አይችልም። ከመምህሩ ወይም ከጓደኛው ርዳታ የሚሻ ተማሪም እንዲሁ ነው።

አንድ ተማሪ የሁለት ፈተና ውጤቶችን አማካይ የሚያሰላ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፈ እንበል። «ፕሮግራሜ አልሠራ አለኝ፤ እባክዎ ይርዱኝ» ቢል፣ መምህሩ ከብዙ ምክንያቶች መካከል የትኛውን ይገምታሉ? በአንጻሩ «የ7ና የ8 አማካይ 7.5 ይሆናል ብዬ ስጠብቅ 7.0 ወጣልኝ፤ ድምሩን ለ2 የሚያካፍለው መስመር ይኸውና» ቢል ምሥጢሩ ወዲያው ይገለጣል። በሲ ቋንቋ ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ክፍልፋዩ ይጣላል። የውጤቱ ማስቀመጫ አስርዮሽ ቁጥር የሚቀበል ከሆነ፣ በ2 ፈንታ 2.0 ብሎ መጻፍ ችግሩን ያስወግዳል። ሁለቱም ጥያቄዎች የተነሡት ከአንድ ችግር ነው፤ ፈጣን መልስ የሚያገኘው ግን ሁለተኛው ነው።

ጥርት ብሎ ያልቀረበ ጥያቄ የሚያስከትለው ጉዳት ከክፍል ውጭም ይታያል። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 ያመጠቃት «ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር» መስከረም 23 ቀን 1999 ማርስ ስትደርስ ጠፋች። ከማርስ ገጽ 226 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ማለፍ ሲገባት፣ ወደ 57 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብላ ከባቢ አየሩ ውስጥ ገብታ ነበር። ምክንያቱ የመለኪያ አሃድ ነው። የአነስተኛ ሞተሮቿን ግፊት የሚያሰላው ፕሮግራም ውጤቱን በፓውንድ-ሰከንድ ሲሰጥ፣ ተቀባዮቹ በኒውተን-ሰከንድ የተሰጠ መስሏቸው ተጠቀሙበት፤ አንዱ ከሌላው 4.45 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ይበልጥ የሚያስቆጨው፣ የመርማሪው ቡድን ዘገባ እንደሚያመለክተው፣ አቅጣጫዋን የሚከታተሉት ባለሙያዎች አስቀድመው የቁጥሮች አለመጣጣም አስተውለው ነበር። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በኢ-ሜይል ተነሥቶ፣ ለችግሮች በተዘጋጀው መደበኛ ሥርዓት ሳይመዘገብ መፍትሔ ሳያገኝ ቀረ።

እንግዲህ ጥያቄ ስናቀርብ ምን እናሟላ? በመጀመሪያ ልንፈጽም ያሰብነውን ዓላማ እንግለጽ። ቀጥሎም ያደረግነውን በቅደም ተከተል፣ የጠበቅነውንና ያገኘነውንም ለየብቻ እናስፍር። ለቁጥሮች አሃዳቸውን እንጻፍ፤ የስሕተት መልእክት ካለም በራሳችን ቃል ሳንለውጥ እንዳለ እንገልብጥ። የሞከርናቸውን መፍትሔዎች ብንጠቅስ ረዳታችን የሄድንበትን መንገድ ዳግም ከመሄድ ይድናል። ግምታችንንም ካየነው ለይተን እናቅርብ፤ የተሳሳተ ግምት እንደ እውነት ከቀረበ ረዳቱንም ያሳስታልና። በመጨረሻም ችግሩን እስከሚቻለው ድረስ እናሳንሰው፤ ሁለት መቶ መስመር ካለው ፕሮግራም ይልቅ ስሕተቱን የሚያሳዩት አምስት መስመሮች ይበቃሉ።

ይህን ሁሉ ማሟላት አድካሚ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የድካሙ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከመልሱ በፊት ይከፈላል። ጥያቄውን ለሌላ ሰው እንዲገባ አድርጎ ሲያዘጋጅ መልሱን ራሱ የሚያገኝ ተማሪ ጥቂት አይደለም። መልሱ ከሌላ ሰው ከመጣም፣ ምን እንደሠራ ለረዳን ሰው ተመልሰን መንገር ይገባናል፤ ነገ ሌላው ተማሪ ያንኑ ሲጠይቅ በእርግጠኝነት ይመልስለት ዘንድ።