በቴአትር መድረክ የመጀመሪያዋ ሴት፤ ወ/ሮ አስናቀች ወርቁ

ቴአትር ያለ ሴት ተጫዋች ይሆናል ወይ ቢሉን ሁላችንም «እንዴት ሆኖ!» እንላለን። ነገር ግን በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሆኗል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. «ፋቡላ» የተባለውን ድርሰታቸውን ለመድረክ ካበቁ በኋላ እንኳ፣ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ በዘመናዊው ቴአትር የእናትንም የሙሽራንም ቦታ ይዞ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ቀሚስ ይለብሳል፣ ሻሽ ያስራል፣ ድምፁን ያቀጥናል። ተመልካቹ ማልቀስ በሚገባው ቦታ ሳቅ ቢያመልጠው ታዲያ ምን ይፈረድበታል?

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቴአትር ያደገው በትምህርት ቤት አካባቢ ነበርና ተማሪው አብዛኛው ወንድ ነበር። ሁለተኛ፣ በሰው ፊት የምትጫወት ሴት ስሟ በክፉ ይነሣ ነበር። ይህ የእኛ ብቻ ነውር አይደለም። እንግሊዞችም በሼክስፒር ዘመን የሴትን ቦታ የሚሰጡት ለወንድ ልጆች ነበር። ሴት ተዋናይ በለንደን መድረክ በይፋ የታየችው ከ1660 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

በአገራችን ይህን አጥር የጣሱት ወ/ሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ወ/ሮ አስናቀች፣ በ1945 ዓ.ም. ገደማ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ቴአትር በመጫወት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የመድረክ ተዋናይ ሆኑ። ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበሩ። ሌላ ሴት ቀድማ ያሳየቻቸው መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን የጠረጉት ራሳቸው ናቸው።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የኋላው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ። ወ/ሮ አስናቀችም በዚሁ ቤት ለብዙ ዓመታት በተዋናይነትና በድምፃዊነት አገለገሉ። በተለይ በክራራቸው ይታወቃሉ። ክራር በሕዝብ ዘንድ ከበገና ጋር ሲነጻጸር የዓለማዊ ጨዋታና የፍቅር መሣሪያ ተብሎ ዝቅ ይደረግ የነበረ ነው። እሳቸው ግን እያንጎራጎሩ፣ ግጥም ከቅኔ ጋር እያዋዛ የሚሄድ ጨዋታ ፈጠሩበት። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ ጋር በግጥም እየተመላለሱ የተጫወቱትን የሰማ ሁሉ ያስታውሰዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም የመድረክ ሰዎች ቴአትር ቤት ላልደረሰው ተመልካች ጭምር መታየት ቻሉ።

ወ/ሮ አስናቀች ያረፉት በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው። ሥራቸው ግን አልተቀበረም። «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 16ኛ ቁጥሩን በ2003 እ.ኤ.አ. በእሳቸው የክራር ዜማዎች አወጣ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራሔል ሳሙኤል ሕይወታቸውን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም አቀረበች።

እንግዲህ ይህ ነገር ለእኛ፣ ደብረ ታቦር ተቀምጠን መምህርነት ለምንማረው፣ ምን ይጠቅመናል? ነገ በፋርጣም ሆነ በእስቴ፣ በጋይንትም ሆነ በስማዳ ስንመደብ የድራማ ክበብ ማቋቋማችን አይቀርም። ያን ጊዜ የሴት ቦታ የሚይዝ ሲጠፋ «ሴቶቹ ያፍራሉ» ብለን ለአንዱ ወንድ ነጠላ ማልበስ ይቀናናል። እስቲ ቆም ብለን እናስብ። በእኛ ደጋ ሴቷ በሠርግ ታዜማለች፣ በለቅሶ ሙሾ ታወርዳለች፣ ወፍጮ ላይ ሆና ግጥም ትገጥማለች፤ በእንቁጣጣሽም ልጃገረዶች ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይዘፍናሉ። ታዲያ ችሎታው ጠፍቶ ነው? የጠፋው ቦታውና ከለላው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ልምምዱ በቀን ይሁን፤ ልጅቷ ሳይመሽ ቤቷ ትግባ። ወላጆቿ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ በትርኢቱም ቀን ከፊት ወንበር ይቀመጡ። በክፍል ውስጥ «አዝማሪ» እያለ የሚሳደብ ተማሪ ቢኖር አዝማሪነት ሙያ እንጂ ስድብ አለመሆኑን መምህሩ ያስረዳ። የመጀመሪያዋ ልጅ በደኅና ተጫውታ ከወረደች፣ ለሁለተኛዋ ብዙ ልመና አያስፈልግም።