ለስኪዞፍሬንያ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማ ኮምፒውተር ሊነግረን ይችላል?

«ዶክተር፣ ወንድሜ ሁለት መድኃኒት ተቀይሮለት አልተሻለውም፤ የሚስማማውን ቀድሞ የሚያሳይ ምርመራ የለም ወይ?» የሚሉኝ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አሁን አሁን ደግሞ «ኤአይን ብንጠይቀውስ?» ተጨምሮበታል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት የምንመርጠው በአብዛኛው እየሞከርን ነው። አንዱ በሪስፐሪዶን ይሻለዋል፣ ሌላው በኦላንዛፒን። ከሦስት ታማሚ አንዱ ገደማ ደግሞ በተለመዱት መድኃኒቶች በቂ ለውጥ አያገኝም። የደም ምርመራም ሆነ ኤምአርአይ ይህን ቀድሞ አይነግረንም።

ለዚህ ነው ተመራማሪዎች የታማሚዎችን መረጃ ለኮምፒውተር እየሰጡ ማን እንደሚሻለው እንዲተነብይ ማስተማር የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2024 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህን ፈተሸው። የ5 የመድኃኒት ሙከራዎችን መረጃ ወሰዱ። ሞዴሉ በተማረበት ሙከራ ውስጥ ጎበዝ ነበር። ወደ ሌላ ሙከራ ታማሚዎች ሲወስዱት ግን ግምቱ ዘውድና ጎፈር ከመጣል አልተሻለም። የአራቱን አስተምረው በአምስተኛው ሲፈትኑትም ያው ነው። የአንድ መምህር አጠያየቅ ለምዶ አስር ከአስር የሚያገኝ ተማሪ ፈታኙ ሲቀየር ግራ እንደሚገባው ማለት ነው።

እነዚህ እንግዲህ በሙከራ ውስጥ ተመርጠው የገቡ፣ ክትትላቸው የጠበቀ ታማሚዎች ናቸው። ጫት የሚቅመው፣ ስኳር ያለበት፣ ጠበል ሲሄድ ኪኒኑን ቤት ጥሎ የሚሄደው የኛ ታማሚ ሲመጣ ሞዴሉ ምን ሊል እንደሚችል አስቡት።

እስካሁን ከሁሉ የሚሻለው ትንበያ ቀላሉ ነው፦ በትክክለኛ መጠን 2 ሳምንት ተወስዶ ቅንጣት ለውጥ ካልታየ፣ ያ መድኃኒት ወደፊት የመሥራት ዕድሉ ይቀንሳል። ይህን የምታዩት ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ ሐኪሙ በወር አንዴ ነው የሚያገኘው። ለውጥ የለም ብላችሁ ግን በራሳችሁ አታቁሙ፣ መጠኑንም አትጨምሩ። ቀጠሮውን አስቀድማችሁ ኑ።

ስትመጡ የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠን፣ ስንት ሳምንት እንደተወሰዱ ጽፋችሁ ያዙ። የድሮ ማዘዣ ካለ አትጣሉት። ኪኒኑን በትክክል ይውጠዋል ወይስ ምላሱ ሥር ደብቆ ይተፋዋል? እሱንም ሳትደብቁ ንገሩን። ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 6 ሳምንት ተወስደው ካልሠሩ፣ ስለ ክሎዛፒን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ነጭ የደም ሕዋስን ሊቀንስ ስለሚችል በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ ሌሎቹ ላልሠሩላቸው ታማሚዎች ግን የተሻለው ምርጫ እሱ ነው።