የነጥብ መዝገብና የዝቋላ ልጅ

በዋግ ኽምራ፣ በተከዜ አጠገብ ባለው በዝቋላ ወረዳ የሚኖር አንድ ልጅ የነጥብ ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ እንበል። በሒሳብ ትምህርት በኅዳር 70፣ በጥር 62፣ በመጋቢት 48 አግኝቷል። አማካዩ 60 ነውና አለፈ ተብሎ ይመረቃል። ነጥቡን በተራ ለሚያነብ ሰው ግን ልጁ ቍልቍል እየወረደ መሆኑ ግልጥ ነው፤ አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናልና።

ስድሳ ልጆች የሚያስተምር መምህር የእያንዳንዱን ነጥብ እንደዚህ ለመመርመር ጊዜ አይበቃውም። በዘመናችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ረዳት ለዚህ ሥራ ይጠቅማል፤ የነጥቡን ሠንጠረዥ የሰጡት እንደ ሆነ የማን ነጥብ እንደ ወረደ፣ ብዙዎቹ የሳቱት ጥያቄም የትኛው እንደ ሆነ በጥቂት ደቂቃ ለይቶ ያቀርባል።

ድካምን በጊዜው ማወቅ እጅግ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ አልሞሉም፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 ይበልጡ ነበር። እንዲህ ያለው ጕዳት በፈተናው ቀን አይጀምርም፤ ማንም ሳያስተውለው ከታች ክፍል ጀምሮ ሲከማች የኖረ ነው።

ነገር ግን ረዳቱን ዳኛ ማድረግ አይገባም። በ2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኮሮና በሽታ ምክንያት ፈተናው ስለ ቀረ የተማሪዎቹ ነጥብ በኮምፒዩተር ስሌት እንዲወሰን ተደረገ። ስሌቱም የየትምህርት ቤቱን ያለፉ ዓመታት ውጤት ይመለከት ነበርና መምህራን ከገመቱት ነጥብ ከመቶው 39 ያህሉ ዝቅ አለ። በደካማ ትምህርት ቤት የተማረ ጐበዝ ልጅ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሰዎች ድካም ተሸከመ። ተማሪዎችና ወላጆች አቤት ስላሉ መንግሥቱ ነሐሴ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ስሌቱን ተወው።

አሁን ወደ ዝቋላው ልጅ እንመለስ። ያ አገር ጦርነት ትምህርቱን ያቋረጠበት፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ የጐዳው ነው። በዋግ የአፍ መፍቻቸው ኽምጣና የሆነ ልጆችም ብዙዎች ናቸው። ኮምፒዩተሩ «ነጥቡ ወረደ» ይላል እንጂ ልጁ ውሃ ለመቅዳት ሩቅ ስለሚሄድ ነው፣ ወይም ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ስለ ከበደው ነው ሊል አይችልም። መዝገብ የሚናገረው የተጻፈበትን ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚመሰክረው ልጁን የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ በዚህ ረዳት የሚሠሩ መምህራንና ሹማምት ሦስት ነገር ይጠብቁ። የልጁን ስም አይስጡ፤ በቍጥር ምልክት ይተኩት። ረዳቱ የተሳሳተውንም እንደ እውነት አስመስሎ ይናገራልና ስሌቱን ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ። በእርሱም ቃል ብቻ ማንንም ልጅ ከክፍል አያስቀሩ።

እናንተም አባቶችና እናቶች፣ ካርዱን ስትቀበሉ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ከበደህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ለልጁ በፍቅር የሚያቀርብለት ከቤተ ሰቡ በቀር ሌላ የለም።