ከሹመት ወደ ምርጫ፤ የከንቲባ ገብሩና የወይዘሮ ስንዱ የምክር ቤት አገልግሎት

«እንደራሴ» የሚለው ቃል በአገራችን የአስተዳደር ታሪክ ውስጥ ባለቤቱን ለውጧል። በቀድሞው ዘመን እንደራሴ የሚባለው በንጉሥ ስም የሚያስተዳድር ሹም ነበር፤ «እንደ ራሴ ሆነህ ሥራ» ብሎ የሚልከውም ንጉሡ ነው። በኋላ ግን ቃሉ ሕዝብ መርጦ ወደ ምክር ቤት ለሚልከው ሰው ስም ሆነ። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ ለመረዳት የአንድ ቤተ ሰብን ሁለት ትውልድ፣ አባትንና ሴት ልጅን፣ መመልከት ይጠቅማል።

አባትየው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። የተወለዱት ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ ከቋራ ጋር በምትዋሰነው በአለፋ ነው። በሚስዮናውያን እጅ ተምረው በስዊስ አገር ትምህርታቸውን ከቀጠሉ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ የጎንደር ከንቲባ አድርገው ሾሟቸው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ታውጆ ፓርላማ ሲቋቋም በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ውስጥ ተሰየሙ። የዚህን ምክር ቤት አባሎች የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችንም ቢሆን የሚመርጡት መሳፍንት፣ መኳንንትና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ እንዲህ ይሁን ተብሎ በሕገ መንግሥቱ ተደንግጎ ነበርና። ከንቲባ ገብሩ የተማሩና የሠለጠነ አስተሳሰብ ያላቸው ሰው ቢሆኑም፣ ወደ ምክር ቤት የገቡት የአለፋ ገበሬ ልኳቸው አልነበረም።

ልጃቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው ተማሩ፤ ከጦርነቱ በፊትም ተመልሰው በማስተማር ሥራ ተሰማሩ። ጠላት አገሪቱን በወረረ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ወደ ጎሬ ሄዱ። በመጨረሻም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙና በአዚናራ ደሴት ታሠሩ። ከነፃነት በኋላ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በዲሬክተርነት አገለገሉ፤ በ1942 ዓ.ም. ደግሞ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ድርሰታቸውን አሳተሙ።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ የመምረጥ መብት ሰጠ። ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ ያለው እያንዳንዱ የምርጫ ክፍል 2 እንደራሴዎችን ለ4 ዓመት እንዲልክ፣ ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማም ለብቻው እንዲመርጥ ተወሰነ። በዚህ ሕግ መሠረት በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ገቡ፤ ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ያስተማራቸው የስዊስ አገር ለሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት የፈቀደው በ1963 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ የነገሩን ክብደት እንረዳለን።

ይሁን እንጂ ምርጫው ወሰን ነበረው። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ተመራጩ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላ፣ በሚመረጥበት ክፍል የሚኖርና በሕግ የተወሰነውን ያህል ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ይህ ማለት የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ድምፅ መስጠት እንጂ መመረጥ ይከብደው ነበር። በጭልጋ አውራጃ ሥር በነበረችው በመተማ ቆላም ቢሆን፣ ለሥራ ወቅት ብቻ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ለእንደራሴነት ሊቀርብ አይችልም ነበር። በምክር ቤት የጸደቀውም ሕግ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አይጸናም።

የሕግ አውጪ ሥራ በቤታችን ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ወይዘሮ ስንዱ በተመረጡበት የሥራ ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። የዚህ ሕግ 635ኛ አንቀጽ ባልን የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ያደርገዋል፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዛል። እንግዲህ ሴት እንደራሴ መግባቷ ብቻውን ሕጉን አልለወጠውም። ይህን አንቀጽ የሻረው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ግን የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለሆነ፣ የአማራ ክልል ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ። የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በገንዳ ውሃ ለሚኖሩ ባልና ሚስት የእኩልነት መብታቸው የሚመነጨው ባሕር ዳር ላይ ከተቀመጡት የክልል ተመራጮች ሥራ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ከምክር ቤት በኋላ በምዕራብ ጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገለገሉ፤ በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ። ያገለገሉበት ፓርላማ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ፈርሷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የንብረቱን ግዴታ አስቀርቷል፤ መራጩም አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ በሕግ መሠረት ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ደንግጓል። የነዋሪነቱ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ሕግ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ያዛል። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ ወደ መተማ ወርዶ ጥቂት ወራት የሚቆየው ሠራተኛ እንደራሴውን የሚያገኘው በየትኛው አገር ነው? በመንግሥት አስተዳደርና በሕግ ትምህርት ላይ ያለን ተማሪዎች ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ይመስለኛል።